ፖሊሽ ከመግዛትህ በፊት

ልጄ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ላቫጆ ልትከፍት ማሰብህ ደግ ሐሳብ ነው። ጥር ሲገባ የሰርግ መኪና ሳይወለወል አይወጣም፤ የጥምቀት ዕለትም ሚኒባሱ ሁሉ ከነጎማው ታጥቦ ነው ታቦት የሚያጅበው። ሥራ አታጣም። ፖሊሽ የሚሉትን ነገር ግን እንደ ሳሙና እንዳታየው። ውስጡ ዐይን የማይለየው የላመ ዱቄት አለ፤ የሚያበራልህም ከብረቱ ላይ ስስ ገለባ እየላገ ነው። በወለወልክ ቁጥር ከሰው ንብረት ላይ ትቀንሳለህ። ስለዚህ የትኛው ፖሊሽ ይሻላል ከማለትህ በፊት ፊትህ ያለው ቸርኬ ከምን እንደተሠራ እወቅ።

ከሚመጡልህ መኪኖች ብዙዎቹ አሉሚኒየም ቸርኬ የገጠሙ ይሆናሉ። አሉሚኒየም ነው ብለህ ግን ዘለህ አትቀባ። አብዛኛው ከፋብሪካ ሲወጣ በላዩ ላይ የጠራ ቀለም ተረጭቶበታል፤ እሱን በብረት ፖሊሽ ብትፈትገው ቀለሙን ታደበዝዘዋለህ እንጂ ብረቱን አታገኘውም። መለያው ቀላል ነው። ነጭ የካናቴራ ቁራጭ ጣትህ ላይ ጠቅልል፣ ሽምብራ የምታህል ፖሊሽ አድርግበት፣ ከቸርኬው ጀርባ ሰው የማያየው ጥግ ላይ ጥቂት አሸው። ጨርቁ ጥቁር ካወጣ አሉሚኒየሙ ራቁቱን ነው፤ ቀጥል። ጨርቁ እንደነበረ ከቀረ ቀለም አለበት። ብርማ ነገር ካነሣ ደግሞ ቀለሙን እየላጥከው ነውና ወዲያው ተው። እንዲህ ላለው የቦዲ ዋክስ ይበቃዋል፤ ባለቤቱ ሞግቶ አንጸባርቅልኝ ቢልህም እሺ አትበለው።

ክሮም ሌላ ነው። የድሮ ቮልስ ፓራውልት ሥሩ ብረት፣ በላዩ ኒኬል፣ በኒኬሉ ላይ ክሮም ነው። ያ ክሮም አብዛኛውን ጊዜ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ቡናማ ነጠብጣብ ሲወጣበት ክሮሙ ዛገ ይሉሃል፤ የዛገው በሽንቁሩ በኩል ርጥበት ያገኘው የሥሩ ብረት ነው። ሽቦና የብርጭቆ ወረቀት ካነሣህ ሽንቁሩን ታሰፋዋለህ። የወጥ ቤት አሉሚኒየም ፎይል ጨምድደህ ውሃ ነክረህ ቀስ እያልክ እሸው፤ አሉሚኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ ዝገቱን ጠርጎ ክሮሙን ይተወዋል። ጥቁሩን ዝቃጭ አጥበህ አድርቀህ፣ ጥቂት ፖሊሽ አሳልፈህ፣ በዋክስ ዝጋው። የተላጠ ቦታ ካለ ግን አይመለስምና ለደንበኛው ቀድመህ ንገረው።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኮቹ በዝተዋል። የእነሱ ጌጥና የቸርኬ ሽፋን አብዛኛው ፕላስቲክ ነው፤ ብር የሚመስለው ቅብ ነው። በኅዳር ጠዋት ጣትህን አሳርፍበት፤ ብረት ከሆነ ቅዝቃዜው ይቆረጥምሃል፣ ፕላስቲክ ከሆነ ምንም አይልህም። ፕላስቲኩን በሳሙናና በውሃ ብቻ እለፈው።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርደህ ፖሊሽ ስትገዛ ትንሿን ውሰድ፤ ለአሉሚኒየም ወይም ለክሮም ይሆናል የሚል መጻፉንም አንብብ። ብራሶ የሚባለው ፖሊሽ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1905 ገደማ በእንግሊዝ አገር ሲወጣ ዓላማው ነሐስ ነበር፤ ለበር እጀታ ግሩም ነው። ለመኪና ግን እንደ ጀርመኑ አውቶሶል ያለውን፣ በቱቦ የሚመጣውን ሊጥ እመርጣለሁ። ጣትህ ላይ አሽተህ ኮረት ካለብህ ለክሮም አይሆንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ግን እጥበቱ ነው፤ እዚህ ላይ አደራ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ወይም ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ መኪና የፍሬን ሸራውና የዲስኩ ብናኝ ትኩሱን ቸርኬው ላይ ይለጠፋል። ያ ብናኝ ብረት አለበት። በላዩ ላይ ፖሊሽ ከቀባህ በብረት ዱቄት እየፈተግክ ነው። መኪናው ገና እንደቆመ እጅህን ወደ ቸርኬው አስጠጋ፤ ሙቀቱ ከተሰማህ ሻይህን ጠጥተህ ተመለስ። ትኩስ ዲስክ ላይ የደብረ ብርሃንን ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት ደግ አይደለም። ሲቀዘቅዝ አስቀድመህ ብዙ ውሃ፣ ከዚያ ላርጎ በውሃ፣ በለስላሳ ብሩሽ። ለጎማና ለቸርኬ የያዝከው ስፖንጅ ቦዲ እንዳይነካ፤ አሸዋውን ይዞ ይሄዳል። ከአፍዴራ ጨው ጭኖ የመጣ አይሱዙ ከሆነማ ውሃውን እጥፍ አድርገው፣ ሥር ሥሩንም እጠብ፤ ጨው አሉሚኒየምንም ክሮምንም ይበላል።

አንዳንዱ አጣቢ የባትሪ አሲድ በውሃ አቅጥኖ ቸርኬ ላይ ይረጫል። ለዚያ ቀን ያበራል፤ ውሎ አድሮ አሉሚኒየሙ ይነጣል፣ ይቦረቦራል፣ ያጣቢውም ሳንባ ይጎዳል። በረኪናም አታስጠጋ። እናቶቻችን ድስት የሚፈትጉበት አመድም ለዚህ አይሆንም፤ የአሉሚኒየም ድስት በአመድ ሲጠቁር አይተሃል መቼም።

ጥላ ውስጥ ሥራ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ብርድ ነው ብለህ የቀትር ፀሐይዋን አትናቅ፣ ፖሊሹን ሳትጠርገው ታደርቀዋለች። ነፋስ ከተነሣ ደግሞ አቧራው በፖሊሹ ላይ ይቀመጣል፤ ያን ሰዓት ሥራውን ብታቆመው ይሻላል። በመዳፍህ ስፋት ትንሽ በትንሽ እየያዝክ፣ ሳይደርቅ አሽተህ፣ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ አንሳው። ጨርቁ ያረጀ የጥጥ ካናቴራ ይሁን፣ ስፌቱና ቁልፉ ተቆርጦ። ባና ይሞቃል ብለህ ቁራጩን እንዳታመጣ፤ የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ነው። ራቁት አሉሚኒየም ከተወለወለ በኋላ አየር ሲያገኘው መልሶ መደብዘዝ ይጀምራልና ያኑ ቀን ዋክስ ቀባው። በዓመት ሁለቴ ፖሊሽ ይበቃዋል፤ በመሃሉ እጠብ ብቻ።

ዲስኩንና የፍሬን ሸራውን ፖሊሽም ዋክስም እንዳይነካቸው። ጨርቁን በቸርኬው ቀዳዳ ስታስገባ ጣትህ ወዴት እንደሚሄድ እይ። የጎማ ማጥቆሪያውንም ከጎን ብቻ ቀባ፣ መሬት የሚነካውን ጥርስ ተው። ዲስኩን የነካህ ከመሰለህ አትፈር፣ የፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ረጭተህ በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። ከዚያ ሹፌሩ እዚያው ግቢ ውስጥ ቀስ ብሎ እየነዳ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ይርገጥ፤ ውሃው ይደርቃል፣ የሚያንሸራትት ነገር ካለም ጣርማ በር ሳይደርስ እዚህ ይታወቃል። ካልያዘለት ሒሳቡን ተወውና መካኒክ ጥራ።