የታመመችው ሚስትና የብስክሌቱ መንገድ



በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በየዓመቱ በሐምሌ ወር መጨረሻ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በብስክሌት ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። ጉዞው ፓን-ማስ ቻሌንጅ ይባላል፤ ማሳቹሴትስን ማቋረጥ ማለት ነው። የጀመረው ቢሊ ስታር የተባለ ሰው ሲሆን፣ እናቱ ሜላኖማ በተባለ የቆዳ ካንሰር ዐርፈውበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. 36 ሰዎች ከስፕሪንግፊልድ ተነሥተው በባሕር ዳር እስከምትገኘው ፕሮቪንስታውን ተጓዙና 10,200 ዶላር አሰባሰቡ። በዚያ ላይ በየዓመቱ ሲጨመርበት እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ጠቅላላው ገንዘብ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር አለፈ። የሚሰጠውም በቦስተን ለሚገኘው የዳና-ፋርበር የካንሰር ተቋም ነው። ብስክሌተኛው ከዘመዱ፣ ከጎረቤቱና ከሥራ ባልደረባው ለምኖ የተወሰነ ገንዘብ ማምጣት ይጠበቅበታል።

እንግዲህ ሚስቱ በዚህ በሽታ የተያዘችበት አንድ ባል በእንዲህ ያለው ጉዞ ለመሳተፍ ቢነሣ ምን እንለዋለን? አንዳንዱ ሰው ቸኩሎ፣ «ሚስቱ አልጋ ላይ፣ እርሱ ብስክሌት ላይ» ብሎ ይፈርድበታል። ሌላውም እንዲሁ ቸኩሎ ያመሰግነዋል። ሁለቱም ወደ ቤቱ ገብተው አላዩም።

ካንሰር ያለበት ቤት ጤነኛውም የሚሠቃይበት ቤት ነው። ባል የሚስቱን ሕመም ተቀብሎ ሊታመምላት አይችልም። ኬሞቴራፒ በወሰደች ማግስት ምግብ ሲያቅራት፣ ጠጉሯ በትራስ ላይ ሲቀር፣ እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ በቀር የሚያደርገው ነገር ያጣል። ይህ ማጣት እግሩን ወደ መንገድ ይገፋዋል። ቢደክመው ደስ ይለዋል፤ በላቡ የተገኘው ገንዘብ አንድ ቀን ለሌላዋ ሚስት መድኃኒት ይሆናልና። ይህን ፍላጎት የሚንቅ ሰው፣ በቅፍርናሆም ሽባውን ተሸክመው ጣሪያ የነደሉትን አራቱን ሰዎች ይመልከት። ሊፈውሱት አልቻሉም፤ ትከሻቸውን ግን ሰጡ፤ ጌታም እምነታቸውን አየ። ነገር ግን አንድ ነገር አንርሳ፤ ሽባውን በቤቱ ትተው ስለ እርሱ አልሮጡም። ከእነርሱ ጋር ነበረ።

በጌቴሴማኒ የሆነውንም እናስብ። ጌታችን በዚያች ሌሊት ከወዳጆቹ አንዳች ታላቅ ሥራ አልፈለገም፤ አብረውት እንዲነቁ ብቻ ለመናቸው። ጴጥሮስ ተኛ። ጥቂት ቆይቶ ግን ያው ጴጥሮስ ሰይፍ መዘዘ። መንቃት ያቃተው ሰው ለመዋጋት ኃይል አላነሰውም። እኛም እንደዚሁ ነን፤ ምንም ልናደርግለት በማንችለው ሕመም አጠገብ ከመቀመጥ ይልቅ፣ ድካሙ የበዛ ሥራ ይቀለናል። የሁለት ቀኑ ጉዞ ደግሞ የወራት ልምምድ ይጠይቃል፤ የልምምዱ ሰዓት የሚቀነሰው ከዚያችው ቤት ነው። ስለዚህ ባል ራሱን ሲመረምር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጓዝ ሳይሆን፣ መድኃኒቷን በምትወስድበት ሳምንት የት እንደነበረ ይጠይቅ።

ከሁሉ በፊት ግን እርስዋ ትጠየቅ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 1984 ዓ.ም. ስለ ሰው ሥቃይ ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ሕሙማን የሌሎችን ርኅራኄ ተቀባዮች ብቻ ሳይሆኑ፣ ሥቃያቸውን ከክርስቶስ ጋር በማስተባበር ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጡ መሆናቸውን አስተምረዋል። የታመመችው ሚስት ባሏን ራስዋ ልካው እንደ ሆነ፣ ጉዞው የእርስዋም ነው፤ በአልጋዋ ሆና ትጓዛለች። ይሁን እንጂ በሽተኛ ሸክም እንዳይሆን ሲፈራ ሳይወድ «ሂድ» ይላል። እንዲህ ያለው ቃል አንድ ጊዜ ተሰምቶ አይበቃም፤ በሌላ ቀን፣ ሕመሙ ጋብ ሲልላት፣ እንደገና ትጠየቅ። ስሟንና ፎቶግራፏን በልብሱ ላይ ለጥፎ መሄዱንም ትፍቀድ ወይም ትከልክል። ሕመሙ የእርስዋ ነው፤ የሚነገረውም በፈቃድዋ ነው። በሀገራችን የበሽታውን ስም እንኳ ለጎረቤት የማይናገር ስንት አለ!

በእኛ ዘንድ ባል በብስክሌት አይወጣ ይሆናል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሕሙማን በዘመድ ቤት ተጠግተው ተራ ሲጠብቁ፣ የትዳር ጓደኛቸው በሬ ለመሸጥ ወይም ከወገን ለመለመን ይመለስ ነበር። ስለ ሚስት መድኃኒት መለመን አያሳፍርም። እርስዋ ብቻዋን መቅረቷ ግን የቁምስናው ሁሉ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ባል መንገድ ሲወጣ ከመሄዱ በፊት ወደ ቤቱ ግቡ። አጥሚቱን ማን ያፈላል? ሌሊት ብትጠራ ማን ይሰማታል? እሑድ ቅዱስ ቁርባን ማን ያደርስላታል? ለካህኑም በጊዜው ንገሩ፤ ምሥጢረ ቀንዲል በሞት አፋፍ ላሉት ብቻ እንዳልሆነ 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. አስታውቋልና፣ ባል ሳይሄድ፣ እርሱም አጠገቧ ቆሞ ሳለ ትቀበል።