የኒቅያ ዓመት ስንት ነው?

ሠለስቱ ምዕት አርዮስን ለማውገዝ በኒቅያ የተሰበሰቡት መቼ ነው ቢባል፣ ብዙ መጻሕፍት «በ325 ዓ.ም.» ይላሉ። ቁጥሩ የአውሮፓውያን ነው፤ ዓመተ ምሕረት ግን የእኛ አቆጣጠር ስም ነው። ጉባኤው የተከፈተበት 325 እ.ኤ.አ. በእኛ 317 ዓ.ም. ነው። ይኸው ዓመት በዓመተ ዓለም 5817፣ የግብፅ ክርስቲያኖች በያዙት በዓመተ ሰማዕታት 41፣ ሶርያውያን ይጽፉበት በነበረው በግሪኮች ዘመን 636 ይባላል። አንድ ዓመት በአምስት ቁጥር ቢጠራ እውነት አይከፋፈልም፤ እውነት የሚጠፋው የአንዱ ቁጥር በሌላው ስም ሲጠራ ነው።

ማስረጃው በዓላትና አጽዋማት ከሚቀመሩበት ከባሕረ ሐሳብ ይገኛል። ይህን ትምህርት የዘለቀ የጎጃም የአብነት ተማሪ 5817ን ለ4 ቢያካፍል 1 ይተርፈዋል፤ የዘመኑ ወንጌላዊ ማቴዎስ ነው። ለ19 ቢያካፍል 3 ይተርፈዋል፤ አንዱን ቀንሶ ወንበር 2፣ አበቅቴ 22፣ መጥቅዕ 8 ይላል። የምዕራብ የፋሲካ ሊቃውንት በ325 ላይ 1 ጨምረው ለ19 ሲያካፍሉ የሚተርፋቸውም ያው 3 ነው። መነሻቸው በሺህ ዘመናት ቢራራቅም የቆጠሩት አንድ ዓመት፣ የተከተሏት አንዲት ጨረቃ ስለሆነች ስሌታቸው ይገናኛል። «325 ዓ.ም.» ያለውን አምኖ የሚነሣ ተማሪ ግን 5825ን ቀምሮ ወንበሩን 10፣ አበቅቴውን 20 ያደርጋል፤ ስሌቱ ሁሉ ይፋለስበታል።

«ክርስቶስ የተወለደው አንድ ጊዜ ነው፤ ከሁለቱ አቆጣጠር አንዱ ሐሰት መሆን አለበት» የሚል ይኖራል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። በ5ኛው መቶ ዓመት የእኛን የቀመረው እስክንድርያዊው አንያኖስ፣ በ525 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውሮፓውያንን የቀመረው ዲዮናስዮስ ያሰሉት ልደት ሰባት ስምንት ዓመት ይለያያል፤ የሄሮድስን ሞት የመረመሩ አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንትም ልደቱን ከሁለቱም ያስቀድሙታል። ሆኖም የዘመን መነሻ ከመለኪያነቱ ይልቅ ምስክርነቱ ይበልጣል። ዓመተ ሰማዕታት የሚነሣው የሮሙ ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 እ.ኤ.አ. ነው፤ ታላቁ ስደት ግን የተጀመረው በ303 እ.ኤ.አ. ነው። ቤተ ክርስቲያን የአሳዳጁን የንግሥ ዓመት ወስዳ ለተገደሉት መታሰቢያ አደረገችው። ቁጥሩ የደማቸውን ቀን ባይለካም ማንን እንደምታስብ በግልጽ ይናገራል።

«መነሻው ምርጫ ከሆነ፣ ዓለም በተስማማበት በአንዱ እንቁጠር» ለሚልም መልስ አለ። ለንግድና ለጉዞ ይበጃል፤ ጾማችንና በዓላችን ግን ከወንጌላዊው፣ ከአበቅቴውና ከመጥቅዑ ጋር የተሳሰሩ ስለሆኑ ቁጥሩን ብቻ ነጥሎ መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ ሰባኪም ሆነ ጸሐፊ የፈለገውን አቆጣጠር ይምረጥ፤ የመረጠውን ግን በስሙ ይጥራ። የአባቶችን ሃይማኖት በትክክል ለማስተላለፍ የሚደክም ሰው ዘመናቸውንም በትክክል የማስተላለፍ ዕዳ አለበት።