ሞትን የመኝታ ቤት ጌጥ ስለ ማድረግ

ባለፈው ጥቅምት ወር በደባርቅ የሚኖሩ አንዲት እናት፥ የንስሐ ልጃችን ናቸው፥ ከቅዳሴ በኋላ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እኛ መጥተው አለቀሱ። በስልኩ ላይ በአሜሪካ አገር የምትኖረው ልጃቸው የላከችው የመኝታ ቤቷ ፎቶግራፍ ነበረ። ግድግዳው እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ መስኮቱ በጥቁር ከፋይ መጋረጃ ተሸፍኗል፤ አልጋው ጥቁር ብረት፥ ልብሱም እንደ ጉበት የቀላ ሐር ነው፤ በወርቅ ቀለም የተለበጠ ትልቅ መስተዋት ቆሟል፤ በመቅረዝ ላይ ሻማ ይበራል፤ በሻማው ሥር የሰው ራስ ቅል ተቀምጧል፤ ከራስጌው በላይም ከክር የተሠራ የሸረሪት ድርና ሁለት ቁራዎች ተሰቅለዋል። እናቲቱ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የኔታ፥ ልጄ ማን ሞቶባት ነው? ለምንስ ደበቀችኝ?»

የሞተባት ሰው አልነበረም። ነገሩ ሃሎዊን የሚባለው የፈረንጆች በዓል ነው። በዓሉ በየዓመቱ በእነርሱ አቈጣጠር ኦክቶበር 31 ቀን ማታ፥ በእኛ አቈጣጠር ብዙ ጊዜ ጥቅምት 21 ቀን፥ ይኸውም በእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ዕለት ይውላል። በዚያች ማታ ሰዎች ቤታቸውን በሙታንና በአጋንንት አምሳል ያስጌጣሉ፤ ልጆችም ጭንብል አድርገው በየቤቱ እየዞሩ ጣፋጭ ይለምናሉ። (ይህስ የእኛን ሆያ ሆዬ ያስታውሳል፤ የእኛዎቹ ግን ሙልሙሉን ተቀብለው መርቀው ይሄዳሉ እንጂ ባትሰጡን እንጐዳችኋለን አይሉም።) በዓሉ በአዲስ አበባም በአንዳንድ ሆቴሎች ሲከበር ታይቷል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆችም ልጆቻችንን እንፍቀድላቸው ወይስ እንከልክላቸው እያሉ ካህናቱን ይጠይቃሉ።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ከዚህ የጠበበ ጥያቄ ነው። ክርስቲያን የሞትን መልክ ለደስታው ሲል በሚተኛበት ቤት ጌጥ ቢያደርገው ጉዳቱ ምንድን ነው? ጥያቄው ለእኛ ቀላል አይደለም፤ የሞትንና የሲኦልን መልክ እኛም ሥለናልና፥ ያውም በእግዚአብሔር ቤት።

አስቀድሞ የነገሩን ሥር እንይ። ሃሎዊን የሚለው ስም ራሱ የቅዱሳን ዋዜማ ማለት ነው። የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳንን ሁሉ በዓል በኖቬምበር 1 ቀን ታከብራለች፤ ይህም ልማድ የጸናው በ9ኛው መቶ ዓመት ነው። በአየርላንድ ግን ይኸው ወቅት ከክርስትና በፊት የመከር ማለቂያና የብርድ ወራት መግቢያ በዓል ይከበርበት ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ በዚያች ሌሊት ሙታን ይመላለሳሉ ይል ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙ አይሪሾች ከረኃብ ሸሽተው ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ልማዱን ይዘውት ሄዱ፤ በአገራቸው ከሥራ ሥር ይፈለፍሉት የነበረውንም ፋኖስ በዚያ ከዱባ ይሠሩት ጀመር።

ጎቲክ የሚባለው የቤት አጊያጌጥ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የሚያስገርም ነው። በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ዴኒስ ገዳም አበ ምኔቱ ሱዤር እ.ኤ.አ. በ1144 ያስመረቀው የቤተ መቅደስ ክፍል የዚህ አሠራር መጀመሪያ ተብሎ ይቈጠራል። የሱዤር አሳብ ግድግዳውን አቅጥኖ በቀለም መስተዋት በኩል ብርሃን ማስገባት ነበር እንጂ ጨለማን መፍጠር አልነበረም። ጎቲክ የሚለውን ስም ከጨለማና ከፍርሃት ጋር ካገናኙት ሰዎች ዋነኛው፥ ከ600 ዓመት በኋላ የተነሣው እንግሊዛዊው ባለጸጋ ሆራስ ዋልፖል ነው። እርሱ በለንደን አጠገብ ስትሮውቤሪ ሂል የተባለውን መኖሪያ ቤቱን እንደ ጥንት ቤተ መቅደስ አስመስሎ አሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1764ም በአሮጌ ግንብ ውስጥ የሚሆን አስፈሪ ልብ ወለድ አሳተመ። እንግዲህ በቤተ እግዚአብሔር ለብርሃን የተሠራው ቅስት በባለጸጋ ቤት የፍርሃት መጫወቻ ሆነ። ንግሥት ቪክቶሪያም ባሏ አልበርት እ.ኤ.አ. በ1861 ከሞተ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቷ 40 ዓመት ያህል ጥቁር ለብሳ ኖረች፤ በዘመኗም ጥቁር ልብስና ጥቁር ጌጥ በሕዝቡ ዘንድ እጅግ ተስፋፋ። የንግሥቲቱ ጥቁር ግን የአንድ ሰው ስም ነበረው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

እናቲቱን ለማጽናናት ወደ ቤታቸው በሄድን ጊዜ ቡና ተፈልቶ፥ ጎረቤታቸውም ተቀምጠው አገኘናቸው። እኒህ ጎረቤት ሙስሊም ናቸው፤ ተወልደው ልጆች ያሳደጉት በሰሜን ተራራ በጊች ነው። ጊች ከባሕር ወለል በላይ ከ3,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የነበረ መንደር ሲሆን፥ በብሔራዊው ፓርክ ክልል ውስጥ ስለ ነበረ ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ሴትዮዋ ፎቶግራፉን ተቀብለው አቅርበውም አርቀውም ከተመለከቱ በኋላ ሣቁ። «አባ፥ ይህማ የእኛ ቤት ነው» አሉ። በዚያ ከፍታ ብርዱ እንዳይገባ ለቤቱ መስኮት አያወጡለትም ነበር፤ እሳቱ መሐል ቤት ይነዳል፤ ጢሱ በሣር ክዳኑ ሲወጣ ጣራው በጥቀርሻ ይጠቁራል፤ ሰው በመደብ ላይ ቁርበት አንጥፎ ይተኛል፥ ከብቱም በዚያው ቤት ያድራል። «ጥቀርሻው በእንጀራው ላይ እንዳይወርድ፥ ድሩም በልጆቹ ዐይን እንዳይገባ ስንጠርግ ዕድሜያችን አለቀ። ቁራውንማ ሥጋ እንዳይሞጨልፈን በድንጋይ እናባርረው ነበር። እርሷ ገንዘብ ከፍላ ገዝታ ራስጌዋ ሰቀለችው?» እናቲቱም ዕንባቸው ሳይደርቅ አብረው ሣቁ።

በዚህ ንግግር ብዙ ቀን አሰብንበት። ጨለማን እንደ ድሎት የሚያየው፥ ሲሻ ማብሪያውን ተጭኖ ብርሃን የሚያገኝ ሰው ነው። ሞትንም እንደ ጌጥ የሚያየው ሞት ከደጁ የራቀለት ሰው መሆን አለበት ብለን ፈረድን። ለልጅቱም የምንነግራትን ተግሣጽ በዚሁ መሠረት ላይ አሰናዳን።

ነገር ግን በፍርዳችን ተሳስተን ነበር። ልጅቱን በስልክ ባነጋገርናት ጊዜ ሕመምተኞች ሽማግሌዎች በሚጦሩበት ቤት ሌሊት ሌሊት እንደምትሠራ ነገረችን። ሰው በእጇ ላይ ይሞታል። ሲሞት በሩ ይዘጋል፤ አስከሬኑ በጓሮ በር በጸጥታ ይወጣል፤ ሁለትና ሦስት ቀን ሳይቈይ በዚያው አልጋ ሌላ ሰው ይተኛበታል። የሚያለቅስ የለም፤ ስሙን የሚያነሣም የለም። «አባቴ፥ እዚህ አገር ሞት በአደባባይ የሚታየው በዚህ ሳምንት ብቻ ነው፤ እርሱም በሣቅ ነው። እኔ ቢያንስ በቤቴ ልየው ብዬ ነው። ጨለማውም ቀን እንድተኛ ይረዳኛል» አለችን።

ይህን ቃል በሰማን ጊዜ ያሰናዳነውን ተግሣጽ ተውነው። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፤ ዕድርተኛው ድንኳን ተክሎ ንፍሮና እንጀራ ይዞ ይመጣል፤ ካህናቱ ይፈታሉ፤ ሣልስቱ፥ አርባው፥ ሰማንያው፥ ሙት ዓመቱ ይቈጠራል። ኀዘን ቦታና ቀን አለው። ይህ ሁሉ የተወሰደበት ሰው ከሞት ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ ከገበያ ቢገዛ፥ ከነቀፋ ይልቅ ርኅራኄ ሳይገባው አይቀርም።

ስለ ጨለማውም ክርክር የለንም። ቅድስተ ቅዱሳኑ በመጋረጃ የተከለለ ነው፤ ባሕታውያን በዋሻ ይኖራሉ፤ ሰዓታት የሚቆመው በሌሊት ነው። አስፈሪውን ሥዕል በተመለከተም፥ በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ዲያብሎስን በእሳት መካከል ተሥሎ ያየዋል። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ቅዱሳንን ፊት ለፊት በሁለት ዐይን፥ ክፉዎችን ግን ፊታቸውን ወደ ጐን አዙረው በአንድ ዐይን መሣል ሥርዓታቸው ነበር። በስቅለቱም ሥዕል ከመስቀሉ ግርጌ ራስ ቅል ይሣላል። ነገር ግን ያ ራስ ቅል የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ሕፃን እንኳ የአዳም ነው ብሎ ይመልሳል። በዚያው በጎንደር በደብረ ፀሐይ ቍስቋም የእቴጌ ምንትዋብ፥ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ዐፅም በመስተዋት ሣጥን ተቀምጦ አይተናል። ያም ቢሆን ስም ያለው ዐፅም ነው፤ የሚያየው ሰው ነፍስ ይማር ይላል።

እኛ ራሳችን በተማሪነታችን ዘመን ጎጆ አጥተን በአንድ ደብር መቃብር ቤት ሁለት ክረምት አድረናል። የቆሎ ተማሪ የነበረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የገባን ዕለት ማታ ከመቃብሩ ድንጋይ አጠገብ አጎዛ አንጥፈን ስንሣሣቅ፥ ከእኛ አንዱም በድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ሙቱን እያስመሰለ ሲያስቀን፥ መምህራችን ድንገት ገቡ። አልተቈጡም። «የባለቤቱ ስመ ክርስትና ማን ይባላል?» ብለው ብቻ ጠየቁ። አናውቅም አልናቸው። «የሰው ቤት ገብታችሁ የባለቤቱን ስም አልጠየቃችሁም?» ብለው ወጡ። በማግሥቱ ከአቃቤው ጠይቀን ተማርነው፤ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሳንጠራው አልተኛንም፤ በድንጋዩም ላይ የተቀመጠ የለም። ከ30 ዓመት በላይ አልፏል፤ ስሙን እስከ ዛሬ እናስበዋለን።

ለልጅቱም ይህን አወራናት። ከዚያም እንዲህ አልናት፤ መጋረጃሽ ይሁንልሽ፤ ጥቁሩም ግድግዳ፥ ሐሩም ቢሆን የደከመ ሰው መኝታ ነውና አንከለክልሽም። ስለ ራስ ቅሉ ግን እንጠይቅሽ፤ የማን ነው? እርሷም «አባቴ፥ ላስቲክ እኮ ነው፤ የማንም አይደለም» አለች። እኛም የምንነቅፈው ይህንኑ ነው አልናት። የማንም ያልሆነ ሞት ከእኛ የሚጠይቀው ነገር የለም። አይቀበርም፥ አይታሰብም፥ ስለ እርሱ ቍራሽ አይሰጥም፤ በዓሉ ሲያልፍ ወደ ካርቶን ይመለሳል። እንደዚህ ባለ ሞት ዐይኑን ያለማመደ ሰው፥ እውነተኛው ሞት በጓሮ በር ሲወጣ ሲያየውም እንደ ጌጥ ሊያልፈው ይችላል። አንቺ ግን ልታልፊው አልቻልሽም፤ ስለዚህም ነው በቤትሽ የፈለግሽው። በእጅሽ ላይ የሞቱትን ሰዎች ስም ታውቂያለሽን? ብለን በጠየቅናት ጊዜ ብዙ ዝም አለች።

በኅዳር አጋማሽ እንደገና ደወለች። ራስ ቅሉን አንሥታ በሻማው ሥር ደብተር አኑራለች፤ በደብተሩም ላይ 11 ስሞች ጽፋለች። በጸሎተ ፍትሐት አንሡልኝ ብላ ለመነችን። እኛም ይህ ጸሎት በሃይማኖታችን ተጠምቀው ለሞቱ የተሠራ ሥርዓት ስለ ሆነ በዚያ ልናነሣቸው እንደማንችል፥ በራሷ የግል ጸሎት ግን አጥባ ለሸኘቻቸው ሰዎች ምሕረትን ብትለምን የሚከለክላት እንደሌለ ነገርናት። እንዳልተደሰተች ከድምፅዋ ዐውቀናል። ጥቂት ዝም ብላ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበችልን፤ እናቲቱ አጠገባችን ነበሩና የባዕድ አገሩን ስም እየተሰነካከሉ ከኋላ ከኋላዋ ይሉ ነበር።

ሁለቱ ቁራዎች ግን ከራስጌዋ ገና አልወረዱም። የጊቿ ጎረቤት ባገኙን ቍጥር ስለ እነርሱ ሳይጠይቁን አያልፉም።