የመሸበት እንግዳ ዕዳ

ከሰቆጣ ወጥቶ በዋግ ተራሮች በእግሩ የሚጓዝ ሰው ቀኑን የሚለካው በወጣውና በወረደው ነው። ማለዳ ከፊቱ የታየው ጋራ ለዓይን ቅርብ ሆኖ ሳለ ለእግር የግማሽ ቀን መንገድ ይሆንበታል፤ በመካከሉ ሸለቆ አለና። ቁልቁለቱን ጨርሶ፣ የደረቀውን የወንዝ አሸዋ ተሻግሮ፣ እንደገና ዳገቱን ሲያያዘው ፀሐይ ከአናቱ ላይ ትደርሳለች። እንዲህ ውሎ ሲመሽበት ከአንድ ጎጆ ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥም «ቤት ለእንግዳ» የሚል ድምፅ ይሰማል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚጀምረው ከዚያች ቃል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር እንዲህ ካለ ደጃፍ ቆመን ነበር። በዕድሜ የገፉ እናት ተቀበሉን። እግራችሁን ካላጠብሁ ብለው ግድ አሉን፤ መደቡንም ለቀቁልን። የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ ጥቂትም ማር ቀረበ። በልተን ከጠገብን በኋላ ነው ሁለት ሕፃናት ከምድጃው ማዶ ተቀምጠው መሶቡን ሲመለከቱ ያየናቸው። በመሶቡ የቀረው ቁራሽ ነበር። ራታቸውን እንደ በላነው ያን ጊዜ ገባን። ሲነጋ ባልደረባዬ ገንዘብ አወጣ። እናት እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ሰብስበው «ልጄ፣ እንጀራ መሸጥ መቼ ጀመርሁና?» አሉት። ገንዘቡ ወደ ኪስ ተመለሰ፤ ጥያቄው ግን እስከ ቀጣዩ ጎጆ፣ ከዚያም እስከ ዛሬ አብሮን ተጓዘ።

የድሀን መስተንግዶ መቀበል ተገቢ ነውን? አልቀበልም ያለ እንግዳ ሰጪውን «ለመስጠት እንኳ አትበቃም» ማለቱ ነው፤ ከቁሳዊ ድህነት ላይ የክብር ድህነት ይጨምርበታል። የተቀበለ ደግሞ የሕፃን ራት ይበላል። የከፈለ ስጦታውን ወደ ገበያ ይለውጠዋል። ሦስቱም መንገድ ገደል አለው።

ነገሩን በቅጡ ለመመርመር፣ መስተንግዶ ሁሉ ስጦታ እንዳልነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጉዞ ማስታወሻው እንደ መሰከረው፣ የመልእክተኞቹን ስንቅና ጓዝ የሚችለው በየመንገዱ ያለው ባላገር ነበር፤ ይህንም የሚያደርገው በንጉሥ ትእዛዝ ነው። ከዚያም ወዲህ ድርጎ በሚል ስም የሹም እንግዳ ከገበሬው ጎተራ ሲቀለብ፣ ወታደርም በገበሬው ቤት እየተደለደለ ሲያድር ኖሯል። እንግዲህ በዚያ ዘመን ማስተናገድ ግዴታ ስለ ነበረ፣ በጎነቱን ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። መስጠት በጎነት የሚሆነው እምቢ ማለት ሲቻል ነውና። ባህልስ ቢሆን አንዳንድ ጊዜ እንደ ሹም አያዝዝምን? ያች እናት በሯን ለመዝጋት በእርግጥ ነፃነት ነበራትን?

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው ድርሳን ይህን ጉዳይ ከምጽዋት አውጥቶ ከመብት ዘንድ አድርሶታል። በእርሱ አስተሳሰብ መጻተኛ በሰላም እስከ መጣ ድረስ እንደ ጠላት ያለመቆጠር መብት አለው። ነገር ግን መብቱ ከዚህ አያልፍም፤ ከማዕድ መቅረብ የተለየ ስምምነት ይጠይቃል። የአልፕስ ተራሮች አገር ሰዎች ይህን መሰል ስምምነት በድንጋይና በእንጨት ሠርተውታል። እ.ኤ.አ. በ1863 የተመሠረተው የስዊስ የአልፕስ ክበብ በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን የተራራ ጎጆ አቆመ። በእንዲህ ያለ ጎጆ የሚያድር ተጓዥ ዋጋውን አውቆ ይገባል፤ የማንንም ሕፃን ራት አይወስድም።

ከዋግ በስተ ደቡብ፣ በመቄት፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የገበሬ ማኅበረሰቦች የእንግዳ ጎጆዎችን በገደል አፋፍ ላይ ሠርተው ነበር። የአንዱ መንደር ሰዎች ተጓዡን አሳድረው፣ ጓዙን በአህያ ጭነው ለቀጣዩ መንደር ያስረክቡ ነበር፤ ገቢውም ለማኅበሩ ይውል ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የደረሰው ጦርነትና ግጭት እግረኛውን ቢያሳንሰውም ሐሳቡ ትምህርት ነው። «እንግዳ መቀበልን ሸቀጥ አደረጉት» የሚል ቢኖር፣ ዋጋ የተቆረጠለት እንጀራውና ድካሙ ነው፤ ፈገግታው አልተሸጠም። እንዲያውም ሕፃን ስለማይራብበት ይበልጥ ነፃ ሆኗል።

ይሁን እንጂ በሁሉም ሸንተረር የማኅበር ጎጆ የለም። ያች እናትም ዋጋ አልቆረጠችም። ከእርሷ መሶብ ፊት ምን እናድርግ? የቀድሞ መንገደኛ መልሱን በትከሻው ይዞት ይዞር ነበር፤ ስንቁን። ቆሎውንና በሶውን ፈትቶ ከባለቤቱ መሶብ ጋር የሚቀላቅል እንግዳ ስጦታውን አልናቀም፣ ዋጋም አልከፈለም፤ አብሮ በላ እንጂ። እኛ ግን ባዶ እጃችንን ሄድን። ጥፋታችን መብላታችን አይደለም፤ ከመብላታችን በፊት «ልጆቹስ?» ብለን አለመጠየቃችን ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ዕዳ አለ። ያች እናት ስትሰጥ የተማመነችው፣ የዛሬ አስተናጋጅ ነገ መንገደኛ መሆኑን ነው። ይህ ነገ በዋግ ላይ ደጋግሞ ደርሷል። በ1977 ዓ.ም. የረኃቡ ዘመን የዋግ ሕዝብ እነዚህኑ ተራሮች እያቋረጠ ወደ ኮረም ሄዷል፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ዓለም ኮረምን በቴሌቪዥን አየ። በቅርቡም ጦርነት ይዞ በመጣው መከራ ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ ተንከራቷል። እነዚህም የመሸባቸው መንገደኞች ነበሩ። እግራቸውን ማን አጠበ? መምህሩ፣ ሠራተኛው፣ የጥበብ ሰው ሽቅብ ወጥቶ በልቶ የሚወርድ፣ ባላገሩ ግን ሲወርድ የተዘጋ በር የሚያገኝ ከሆነ፣ ያ መስተንግዶ ስሙ ቢለወጥም አሮጌው ድርጎ ነው።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ሲገባ፣ ቃሉ የሰቆጣን ስም ተሸከመ፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ። እኔ ያን ስም በሰማሁ ቁጥር ከምድጃው ማዶ የተቀመጡት ሁለቱ ሕፃናት ይታዩኛል። ዕዳችን በዚያች ጎጆ አልተከፈለም፤ እዚያ ሊከፈልም አይችልም። የሚከፈለው በራሳችን ደጃፍ ነው፤ አንድ ምሽት የማናውቀው ሰው ቆሞ «ቤቶች!» ሲል።