መባችንን ትተን እንሂድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን በተቀደሰ ሰላምታ ሰላም እንድንባባል ሲያዝዝ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ጎንበስ እያልን እጅ እንነሣለን። እኛ ጥቂት ጓደኛሞች ግን ባለፈው ዓመት፣ የምናውቀውን ወንድማችንን ላለማየት ስንል፣ ሦስት ወር ሙሉ በሌላ ደብር እያስቀደስን ለማናውቀው ሰው እጅ ስንነሣ ከረምን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመንፈሳዊ ጉዞ ያሰባሰብነው መዋጮ ጎደለ ተባለ። ከታላላቆቻችን አንዱ ጉባኤው በሞላበት ተነሥቶ «የበላችሁ መልሱ» አለን። ኋላ ገንዘቡ በሌላ የደረሰኝ ጥራዝ ተመዝግቦ ተገኘ፤ ይቅርታ የጠየቀን ግን አልነበረም። የውጭ ሰው ቢሰድበን ይህን ያህል ባልከፋን። በእግዚአብሔር ቤት «ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ» ሲለን ከኖረ አፍ መውጣቱ ግን እስከ አጥንታችን ተሰማን።

አንድ ቀን አብረን ስናጠና ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ቁጥር 23 እና 24 ላይ ደረስን። መባውን ትቶ እንዲሄድ የታዘዘው ሰው ቂም የያዘው ይመስለን ነበር። ቃሉ ግን የሚናገረው ወንድሙ በእርሱ ላይ ቅሬታ እንዳለው ትዝ ስላለው ሰው ነው። «ታዲያ እርሱ በእኛ ላይ ምን ቅሬታ አለው?» ተባባልን። ከመካከላችን አንዷ እኅት «በየዶርሙ ስሙን ያነሣንበትን እስቲ ቁጠሩት» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። ጌታ በምዕራፍ 18 ከቁጥር 15 ጀምሮ ያስተማረው አስቀድሞ ለብቻ፣ ባይሰማ ሁለት ሦስት ሰው ይዞ፣ በመጨረሻም ለቤተ ክርስቲያን መንገርን ነው። እኛ ግን ለሁሉ ነግረን ለእርሱ ብቻ ሳንነግረው ቀርተን ነበር።

ስለዚህ አንዱ ወንድማችን ለብቻው ሄዶ አነጋገረው። እርሱም አንገቱን ደፍቶ «ደረሰኙ የተገኘ ዕለት ልመጣ ነበር፤ ገንዘቡን ራሱ ደብቆት ነው ማለታችሁን ሰምቼ ቀረሁ» አለው። እርሱ ያለ ማስረጃ ከሰሰን፤ እኛም ያለ ማስረጃ ከሰስነው።

በንስሐ አባታችን ፊት ይቅር ተባባልን። ሆኖም ዕርቅ ማለት በደል አልነበረም ማለት አይደለም። በጉባኤ የተናገረውን በጉባኤ አቀና። እኛም ስሙን ባጠፋንበት ደጃፍ ሁሉ እየዞርን እናቃናለን፤ ይህም ይቅር ከማለት ይልቅ ይከብዳል፤ ገና አልጨረስንም።

ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት ተለያይተዋል (ሐዋ. 15፥36-40)። ጳውሎስ ኋላ በእስር ሳለ ግን ያንኑ ማርቆስን ለአገልግሎት ፈልጎ እንዲያመጡለት ጻፈ (2ኛ ጢሞ. 4፥11)። ጊዜ ፈጀ እንጂ ነገሩ በመለያየት አልተዘጋም።

ልጆች ሳለን፣ በሐምሌ 2010 ዓ.ም.፣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በሁለት ሲኖዶስ ተለያይተው የነበሩ አባቶቻችን በዋሽንግተን ሲታረቁ እልል ብለናል። የአባቶችን ዕርቅ በእልልታ ተቀብለን በራሳችን አዳራሽ ተኮራርፈን መቀመጥ ለእኛ ለልጆቻቸው አይገባንም።

እንግዲህ በመጪው እሑድ ዲያቆኑ ሲያዝዝ፣ ጎንበስ ከማለታችን በፊት ከአጠገባችን ማን እንደ ጎደለ እንይ። የጎደለውንም ሄደን እንፈልገው። የሰላም አምላክ ያስታርቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።