የሞተሩ ድርሻ

ልጆቼ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ውስጥ የራሳችሁን የበረራ ድርጅት ከፍታችሁ የመጀመሪያዋን ሴስና 172 ስትገዙ ደስታችሁ ይገባኛል። እዚያ ለመድረስ ስንት ምሽት እንደሚያልፍም አውቃለሁ። የሚያሳዝነኝ ብዙዎቻችሁ ልክ ከዚያ በኋላ መክሰራችሁ ነው። ሥራ ሞልቶ ሳለ የጥገና ሂሳብ ይውጣችኋል።

ያ ሂሳብ የሚጻፈው ኮክፒት ውስጥ፣ በእጃችሁ ነው። ፍላፕን ተመልከቱ። በ172ኤስ የመጀመሪያውን 10 ዲግሪ ከ110 ኖት በታች ታወርዳላችሁ፤ ሙሉውን ለማውረድ ግን ፍጥነቱ ከ85 ኖት መብለጥ የለበትም። ማኮብኮቢያው ቀርቦ ከፍታችሁ ሲበዛ ነው ጥድፊያው የሚመጣው። ያኔ ጋዝ ቀንሱ፣ ፍጥነቱ እስኪወርድ ታገሡ። አልወርድ ካለ ዞራችሁ ተመለሱ፤ አንድ ዙር የሚበላው ጥቂት ሊትር ቤንዚን ነው፣ የተጎዳ ፍላፕ ግን የቀኑን ገቢ ይወስዳል።

ብዙዎቻችሁ አገራችሁን ከላይ ለማየት ከቦሌ ትነሳላችሁ፤ ደስ ይለኛል። ሜዳው ግን ከ2300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ሚክስቸሩን እስከ ጥግ ገፍታችሁ ከተነሳችሁ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጉልበት ያጣል፣ ካንዴላውም ጥቀርሻ ይይዛል። የአውሮፕላኗ መመሪያ ከ3000 ጫማ በላይ ካለ ሜዳ ስትነሱ ምን እንደምታደርጉ ይነግራችኋል፦ ቆማችሁ ሙሉ ጋዝ ስጡ፣ ሚክስቸሩን ቀስ እያላችሁ ሳቡ፣ የሞተሩ ዙር ከፍተኛው ላይ ሲደርስ እዚያው ተዉት። ጥቀርሻውን ከቁም ነገር የማይቆጥር ጨዋታ አለ። ኤ2ኤ የተባለው ኩባንያ ለሲሙሌተር የሠራቸው አውሮፕላኖች ግን ይቆጥሩታል፤ ደግሞም ከመካከላችሁ ነገ እውነተኛ መሪ የሚይዝ ይኖራልና እጃችሁን አሁኑኑ አስለምዱት።

 አሁን ደግሞ ለጥገናው ስለሚቀመጠው ገንዘብ እንነጋገር። የዚህች አውሮፕላን ላይካሚንግ ሞተር ሙሉ እድሳት የሚመከርለት በ2000 ሰዓት ነው። እድሳቱ በጨዋታችሁ 40,000 ይጠይቃል እንበል፤ ለእያንዳንዱ የበረራ ሰዓት 20 ይደርሰዋል። ከበረራ እንደተመለሳችሁ፣ ሌላ ነገር ሳትገዙ፣ ያንን 20 ለብቻው አስቀምጡ። የሞተሩ ነው። ሁለተኛ አውሮፕላን በዚህ ገንዘብ የሚገዛ ድርጅት ሁለት አውሮፕላን ይዞ ከእጅ ወደ አፍ ይኖራል፤ የእድሳቱ ቀን ሲደርስ አንዷን ያቆማል፣ ሌላዋን ይሸጣል።

ያገለገለች ስትገዙም ቀለሟ አያታልላችሁ፤ ከመጨረሻው እድሳት ወዲህ ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ እዩ። 1700 ሰዓት ከሆነ 34,000 ያልተከፈለ የሞተር ድርሻ ይዛ ነው የምትመጣላችሁ፤ ያንን በተጠየቃችሁት ዋጋ ላይ ደምራችሁ ከአዲሷ ጋር አወዳድሩ።