ስድስት ክንድ ስለ ጎደለው ቤት

ሰው ርዝመትን ለመለካት አስቀድሞ የተጠቀመበት መሣሪያ የገዛ አካሉ ነው። ጋቱ፣ ስንዝሩ፣ ክንዱና እርምጃው በሄደበት ሁሉ አብረውት የሚሄዱ መለኪያዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የሰው ክንድ ሁሉ እኩል ስላልሆነ፣ በቀድሞው የኢትዮጵያ ገበያ ሸማ የሚገዛ ሰው ክንደ ረጅም ዘመዱን ይዞ ይመጣ እንደ ነበር ይነገራል። የሻጩ ምኞት ማሳጠር፣ የገዢው ምኞት ማስረዘም ነውና። ኦሪትም ቁርኣንም ልክ የሚያጎድለውን ሰው አጥብቀው የሚገሥጹት ስለዚህ ነው። ታዲያ የጎደለ ልክ ሁሉ ነውር ነውን?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ምሳሌ በመካ ይገኛል። ከ600 እ.ኤ.አ. ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሙሐመድ ገና ለነቢይነት ሳይጠሩ፣ የቁረይሽ ነገድ የተጎዳውን ካዕባ እንደ ገና ለመሥራት ተነሣ። የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ በዚያው ወራት አንዲት መርከብ በቀይ ባሕር ዳር ተሰብራ ነበርና እንጨቷን ወደ መካ ወሰዱት። ስፍራውን አንዳንዶች ጂዳ፣ ሌሎች ከጂዳ በስተ ደቡብ ያለችው ጥንታዊት ወደብ ሹዐይባ ናት ይላሉ። አዝረቂ የተባለው ጸሐፊ የቤቱ ግንብ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየተደረገ እንደ ተሠራ፣ አናጢውም ባቁም የሚባል ሮማዊ እንደ ነበረ ጽፏል። እንዲህ ያለው አሠራር በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን የሚታየው የአክሱም አሠራር ስለሆነ፣ ክሬስዌል የተባለው የሕንፃ ታሪክ ሊቅ ባቁም የሚለው ስም ዕንባቆም ነው፤ ሰውየውም ሐበሻ ሳይሆን አይቀርም ሲል ገምቷል።

ሥራው ሊጀመር ሲል ግን ቁረይሾች ከአራጣ፣ ከዝሙት ዋጋና ከግፍ የተገኘ ገንዘብ በቤቱ እንዳይገባ ተስማሙ። ንጹሕ ሆኖ የተገኘው ገንዘብ ግን ለቀድሞው መሠረት የሚበቃ አልሆነም። ቤቱን በረከሰ ገንዘብ ሙሉ አድርጎ ከመሥራት ይልቅ በንጹሕ ገንዘብ አሳጥሮ መሥራትን መረጡ። የጎደለው ስድስት ክንድ ከስንዝር ያህል ነው ይባላል።

እነዚህ ሰዎች በሌላው ሥራቸው ሁሉ ጻድቃን አልነበሩም። ቤቱን ሲሠሩ የፈለጉትን ለማስገባት፣ ያልፈለጉትን ለመከልከል ሲሉ በሩን ከምድር ከፍ እንዳደረጉት ይተረካል። በርዝመቱ ኅሊናቸው፣ በበሩ ከፍታ ግን ኩራታቸው ተለካ። አንድ ቤት ሁለቱንም ይመሰክራል።

ከዚያም በኋላ ነገሥታት ስለዚህ ልክ ተለያዩ። በ683 እ.ኤ.አ. ቤቱ በጦርነት ጊዜ ተቃጥሎ ነበርና ዐብደላህ ኢብን ዙበይር የጎደለውን ጨምሮ ሠራው። እርሱ በ692 ከተገደለ በኋላ የኡመያውያን ጦር አለቃ ሐጃጅ ኢብን ዩሱፍ የተጨመረውን አፍርሶ ወደ አጭሩ ልክ መለሰው። ኋላም ከዐባስያን ኸሊፋዎች አንዱ እንደ ገና ሊያስረዝመው ባሰበ ጊዜ፣ ኢማም ማሊክ ቤቱ የነገሥታት መጫወቻ እንዳይሆን ብለው እንደ መከሩት ይነገራል። ቤቱም በአጭርነቱ ጸና።

የጎደለው ስፍራ ግን አልተሰወረም። በዝቅተኛ የግማሽ ክብ አጥር በታጠረው፣ ሒጅር በሚባለው ስፍራ ውስጥ እስከ ዛሬ ይታያል። ከጂዳ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መካ የደረሰው ሐጅ አድራጊ ሰባቱን ዙር ሲዞር፣ ከአጥሩ ውጭ ይዞራል እንጂ በውስጡ አያቋርጥም። ቢያቋርጥ ዙሩ እንደ ሙሉ እንደማይቆጠርለት አብዛኞቹ ሊቃውንት ያስተምራሉ። ግንበኛው ያልቻለውን ርዝመት ተጓዡ በእግሩ ይሞላዋል ማለት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በአታላዩ ነጋዴ ክንድና በዚህ ቤት መካከል ያለውን ልዩነት አስተውል። ሁለቱም ጎዶሎ ናቸው፤ ነገር ግን ነጋዴው ጉድለቱን ሸሽጎ ሙሉ ዋጋ ይቀበላል፤ ቤቱ ግን ጉድለቱን በአጥር ለይቶ ያሳያል። ነውሩ በማነስ ሳይሆን በመሸሸግ ነው። መነኩሴ ጾሙን፣ ሐጅ አድራጊ መንገዱን፣ ባለጸጋም ምጽዋቱን በሚለካበት ጊዜ፣ ምን ያህል ረዘመ ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ ከምን የተገኘ ነው ብሎ ይጠይቅ። ዐቅሙ ያልደረሰበትንም ስፍራ ደረስሁበት አይበል፤ ምልክት ያድርግበት፤ በዙሪያውም በትሕትና ይሂድ።